ለጾም የሚሆን የከንፈር ቅባት

የይሻው አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሱቅ ስትገባ የመጣህበትን ነገር መጨረሻ ላይ ጠይቅ» ይሉ ነበር። ይሻው ይህችን ምክር እንደ ርስት ይዟት ኖሯል። እናም በየካቲት መጨረሻ፣ በጾሙ መካከል፣ ከጋፋት ተነሥቶ ደብረ ታቦር ዑመር ሱቅ ሲደርስ የመጣው ለከንፈር ቅባት መሆኑን ማንም ሊያውቅበት አልቻለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ የጉና ነፋስ ገና ከጥር ጀምሮ ደረቅ ሆነና የይሻው ከንፈር ተሰነጣጠቀ። ሊጸልይ «አቡነ ዘበሰማያት» ሲል «አቡነ» ላይ ይደማል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጁ ፋሲካ ይህን አይታ አዘነችለትና ቫዝሊን ገዝታ ሰጠችው። እሱም ለከንፈር ምን ያህል እንደሚበቃ የነገረው ስለሌለ፣ የበሬ ጫንቃ ቁስል እንደሚቀባው አድርጎ ለቀለቀው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ሳለ ፀሐይ ወጣችበት። ከንፈሩ አበራ።

ይህን የማኅበሩ ሙሴ አየ። የአቦ ማኅበርተኞች ሙሴ የሚሉት ሥርዓት የሚያስከብረውን፣ ጽዋው ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የሚወስነውን ሰው ነው። ሰውዬው ለይሻው አንዲት ቃል አልተናገረም። ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት ግን «ዘንድሮስ የሑዳዴ ቅቤ ከንፈር ላይ ሳይቀር ይታያል» አለና በረጅሙ ተነፈሰ። ወሬው የነፍስ አባትየው ዘንድ ደረሰ፤ ይሻው ስግደት ታዘዘበት። ስግደቱስ ይሁን፣ ለነፍስ ነው። የከፋው ሌላ ነው። የመጋቢት አቦ የጽዋው ተራ የይሻው ነበር። ሚስቱ የሺ ጠላውን ጠንስሳ፣ ጌሾውን ከጨመረች በኋላ፣ «የይሻው ተራ ለጊዜው ይቆይ» የሚል ነገር ተሰማ። ጠላው ደግሞ አይቆይም። ማኅበር የዘለለው ቤትስ ከዚያ በኋላ ማን ይገባበታል?

የሰውዬውን ስም ይሻው በዚያ ቀን አልጠራውም። እኛም አንጠራውም።

ይሻው ሱቁ ጋ ሲደርስ ሰውዬው ደጃፉ አግዳሚ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ የሚያየው መንገዱን ነው። ባንኮኒው ላይ እንጆሪ የተሳለባት ቀይ የከንፈር ቅባት ብቻዋን ወጥታ ቆማለች። ሌላ ገዢ ቢኖር ጨው ሊገዙ የቆሙ፣ ከአንበሳሜ የመጡ፣ ማንም የማያውቃቸው አንዲት ባልቴት ናቸው። ይሻው ቀይዋን አየ፤ አግዳሚውን አየ፤ ባለፈው እሑድ የሆነው ነገር ትዝ አለው። ባንኮኒውን በክንዱ ተደገፈ።

«እንደምን ሰነበትክ ዑመር? ሩቅያ ደህና ናት? ልጆቹስ? አልሐምዱሊላህ በልልኝ… እኛም ደህና ነን። ከብቱም ደህና ነው፤ ድርቆሹ እስከ ዝናብ ያደርሰናል። ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? ዘንድሮ የእናንተም የእኛም ገጠመና ከተማው ምሳ የሚባለውን ነገር ረሳው አይደል? ደግ ነው። አንዱ ሌላውን እያየ ይበረታል። የሚያይህ ሰው ማግኘት ራሱ ጸጋ ነው… ምን ለማለት ነው? ምንም። እንዲሁ ነው።

«እኔማ ለምንም አልመጣሁም። ሳልፍ ልይህ ብዬ ነው። ይህች ቀይዋ ምንድን ናት? ተዋት፣ ተዋት፣ አታንሣብኝ። ባለቤት ያላት ትመስላለች። የሰው ዕቃ ምን አስነካኝ… ለከንፈር ናት? እንግዲያማ ካነሣኸው አይቀር ልጠይቅህ። ዓመቱን ሙሉ ከንፈር የሚያለሰልስ የትኛው ነው? ለእኔ ቢጤ ገበሬ ማለቴ ነው።

«ይህ በቆርቆሮ ያለው ሰም አለበት? መልካም። እሱ ለታኅሣሥ ውርጭ ነው፣ አጨዳ ላይ። ይህኛው ፀሐይ ይከላከላል? እሱም ለውቂያ ይሁነን። ይህ ንብ የተሳለበትስ? ማር ማር ይላል… አይ፣ ይቅር። ለክረምት ምን ትለኛለህ? በክረምት ከንፈር ብዙ አይደርቅም? እሱ ለእኔና ለአንተ ነው፣ ወንድሜ። ክረምት ከበጋ ሥራ የማይፈታ ከንፈር አለ። እንዲያ ያለው ምኑ ይደርቃል? ወፍጮ ሲዞር ውሎ ይሞቃል እንጂ…

«መድኃኒት ቤት ያለችዋ እመቤት ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አባባ፣ ከንፈር የሚያደርቀው ነፋስ ብቻ አይደለም፤ መላስም ያደርቃል። በላሱት ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ የማይሸት፣ የማይጣፍጥ ይግዙ፤ ጥቂት ጥቂት ይቀቡ› አለችኝ። እንግዲህ የሚጣፍጠውን ማን እንደሚገዛው እንጃ… ለሕፃናት ይሆናላ።»

አግዳሚው ሲጥ አለ። ዑመር የተደረደሩትን ሳሙናዎች እንደ አዲስ ይደረድር ጀመር።

«እኔ የማውቃቸው አንድ ሰው አሉ፣ ዑመር። ስማቸው ምን ያደርግልሃል? ትልቅ ሰው ናቸው። እኔን የሚያስገርመኝ ዓይናቸው ነው። በዚያ ዕድሜ መነጽር የለ፣ ምን የለ… ጽዱ ሥር ቆመው ደጀ ሰላሙ ጋ ያለ ሰው ከንፈር ላይ የተቀባው ቅቤ ይሁን ሌላ ለይተው ያውቃሉ። ላም እንኳ የራሷን ቅቤ እንዲያ አትለይም። ደግሞም በቅዳሴ መካከል ነው። እኛ ተራዎቹ ወደ መቅደሱ ስናይ፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው እኛን ይጠብቁናል። ማን ነው እንዲህ ራሱን የሚሠዋ?

«ጭምትነታቸውስ? ያዩትን ለባለቤቱ አይነግሩም። ያፍርብኛል ብለው ይሳሳሉ። የሚነግሩት ለሌላው ነው። ሌላውም እንዳይቀያየም ለአንዱ ነግረው ሌላውን አይተዉም፤ ለሁሉም እኩል ያዳርሳሉ። የሰበካው ጸበል እንኳ እንዲያ አይዳረስም።

«ያለፈው እሑድ ደግሞ ምን ሆነ መሰለህ… መስቀል ልንሳለም ተሰልፈናል። እሳቸው ከፊቴ ናቸው። ተሳለሙና አለፉ። እኔ ተከተልኩ። ዑመር፣ መስቀሉ እንጆሪ ሸተተኝ። ምን ያስቅሃል? እንጆሪ ነው ያልኩህ። ቁጥቋጦው ሁሉ አመድ በመሰለበት በዚህ በጋ። ቄሱም ሸቷቸው መስቀሉን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ከዚያ ሰማዩን አዩ። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። የቅዱሳን አፅም መልካም መዓዛ አለው ሲሉ ሰምቻለሁ። በቁሙ ያለ ሰው አፍ እንጆሪ ሲሸት ግን ገና አሁን ነው። ‹እኒህ ሰውስ ከብቃት ደርሰዋል› አልኩ በልቤ። ሌላ አላሰብኩም… ሌላ ምን ይታሰባል?

«ጾማቸውን ደግሞ ልንገርህ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ በአፋቸው አይዞርም። ምላሳቸው ብቻ እየወጣች ከንፈራቸውን ታየዋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ታየዋለች። እንዲያው የታመመ ዘመድ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። ጠዋት ቀላ ብሎ የወጣው ከንፈር ቀትር ላይ ነጭ ነው። ቅባቱስ የት ገባ? ነፋስ ወሰደው እንበል እንጂ። የጉና ነፋስ የማይወስደው ምን አለ? አንተስ በረመዳን እንዲህ ያለ የሚጣፍጥ ነገር ከንፈርህን አታስነካም አይደል? ትፈራለህ። እምነታቸው የጸና ሰዎች አይፈሩም…»

በዚህ ጊዜ የሰውዬው ምላስ ልማዷ ሆኖ ብቅ ብላ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ነቃችና ተመለሰች። ሰውዬው ጋቢውን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ። ባልቴቷ ጨዋቸውን ረስተው አንገታቸውን ወደ ይሻው ዘንበል አድርገዋል።

«እና እንዲህ ያሉ ሰው ስለ እኔ አንድ ነገር ቢናገሩ ይከፋኛል? ለምን ይከፋኛል። ስግደቱም ጠቅሞኛል፤ ጉልበቴ ተፍታታ። የሚያሳዝነኝ የሺ ናት። እንስራውን እያየች ‹ማኅበሩ ይመጣል ወይስ አይመጣም?› ትለኛለች። ምን ልበላት? ቤቱን ጠርጋ፣ ወንበር ተውሳ ጨርሳለች። ጎረቤቶቿ እያዩ ያንን ጠላ የት ታፍሰው? በሬዎቼን አላጠጣቸው፣ የማረሻ ጊዜ ነው… ግድ የለም፣ እሳቸው ያውቃሉ። ቅቤን ከሩቅ የሚለዩ ሰው፣ ቫዝሊንን ከቅርብ ሳይለዩት ይቀራሉ?

«ለመሆኑ ዑመር፣ የላይኛውን ከንፈር ከታችኛው ጋር አጣብቆ የሚያውል ዓይነትስ የለህም? ለእኔ አይደለም… ለስጦታ ነው። ከሌለህ ግድ የለም፣ ይህን ነጩን ስጠኝ። አይሸት፣ አይጣፍጥ። ማታ ስተኛ፣ ጠዋት ስወጣ ጥቂት። ለበጋም ለክረምትም፣ ለጾምም ለፍስክም አንድ እሱ ይበቃኛል።»

ይሻው ዋጋውን ከፈለ፤ ክዳኑን ፈታ። ያን ጊዜ ገና ሰው እንዳየ ሆኖ ወደ አግዳሚው ዞረ። ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋ።

«ውይ፣ አንቱም እዚህ ነዎት እንዴ? ይቅር ይበሉኝ፣ አላየሁዎትም። ነፋሱ ክፉ ነው፤ እስቲ ከዚህ ትንሽ ይንኩ።»

ሰውዬው የተዘረጋለትን አየ። እምቢ ቢል ቀይዋ ባንኮኒው ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ዑመርም የማን እንደሆነች ያውቃል። እሺ ቢል ደግሞ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሑዳዴ፣ የሙሴ ከንፈር ገበያው መሐል ሊያበራ ነው። አሰበ። ጣቱን አውጥቶ ነከረና ቀባ፤ እሱም ልክ አላወቀም፣ አበዛው። ፀሐይዋ አገኘችው። በባጃጅ የሚያልፉት ሳይቀሩ ዞር እያሉ አዩት። ሰውዬው ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የየሺ ጠላ ለአቦ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀ።

«ይደርሳል እንጂ» አለ ይሻው፣ በጣም ለስልሶ። «እግዚአብሔር ዕድሜዎትን ያርዝምልን። እኒያን የማወራላቸውን ደግ ሰውም ይጠብቅልን። ለሌላው ሲያዩ የደከሙ ዓይኖቻቸውን ጌታ ያሳርፍላቸው፤ ጥቂት ደግሞ ራሳቸውን የሚያዩበት መስታወት ይስጣቸው።»

ቅባቱን ኪሱ ከትቶ ሊወጣ ሲል ባልቴቷ እጁን ያዙት። ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት የለም። ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ይሻው ደንግጦ አነሣቸው። እሳቸውም፣ ዑመርም አግዳሚው ላይ ያለው ሰውዬም እንዲሰሙ አድርገው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ የሰውን ደግነት ሲያነሣ የሚውል አንደበት ካየሁ ዘመን ሆኖኛል። አንተ ስለዚያ ሰው እንደተናገርክለት፣ አገሩ ሁሉ ስለ አንተም እንዲሁ ይናገርልህ፤ በሄድክበት ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል።»