ሃያ ስምንት ቁጥር

ከያራቪል ጣቢያ በተሳፈርኩበት ባቡር፣ ሳይክሉን ይዞ የቆመ ወጣት ክንዳቸው በጀሶ የታሰረ ሽማግሌ ያነጋግር ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«እንደዚሁ ያለ ሳይክል ጥሎኝ። ጎማ ኦንላይን ኦርደር አድርጌ ራሴ በገጠምኩ ማግስት!»

«ስንት ቁጥር አዘዙ?»

«ሃያ ስምንት ነዋ! አገር ቤት ዕድሜ ልኬን የነዳሁት ሃያ ስምንት ነው።»

«በስመአብ! የአገር ቤቱ ሃያ ስምንት እኮ የጎማው ቁመት ነው፣ በኢንች፤ እዚህ ግን ውፍረቱ ነው፣ በሚሊሜትር!»

«ውፍረት?»

«የድሮው ላይ ስንት ይል ነበር?»

«ሃያ ሦስት።»

«ወይኔ ጋሼ! ታዲያ ፍሬሙን አይታከክም?»

«ሲታከክ ሲታከክ ቁልቁለት ላይ ቀጥ አለ፤ እኔ ግን ጉዞዬን ቀጠልኩ!»

ትናንት ለልጄ ሳይክል ሃያ ስምንት ጎማ የገጠምኩት እኔ፣ ልደውልላት ስልኬን አውጥቼ ቁጥሯን ፈለግሁ።