መኪናዬን ልመልስ ነው የመጣሁት

አርሊስ በሚኒሶታዋ ኤልም ሌክ ፖስታ ቤት ደጃፍ መኪናዋን አቁማ፣ ሁለት እጇን ከመሪው ሳታነሣ ተቀምጣ ነበር። ደብዳቤ ለመላክ አልመጣችም። የመጣችው ከቤቷ ስልክ ሸሽታ ነው። ስልኩ ከሰኞ ጀምሮ በቀን ሦስት ጊዜ ይጮኻል፤ እሷ ደግሞ ስልክ ሲጮኽ ዝም ብሎ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ናት። አንዱ የልጅ ልጅ ወድቆ፣ አንዱ ታሞ ቢሆንስ?

የእኅቷ የልጅ ልጅ ማሬን፣ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪዋ፣ በአጋጣሚ በዚያ ስታልፍ አየቻትና መስኮቱን አንኳኳች።

«አክስቴ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ምንም አይደል። ደህና ነኝ።»

በዚያ አገር ሰው «ምንም አይደል» ካለ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ማሬን በሩን ከፍታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስልኩ ነው» አለች አርሊስ በመጨረሻ። «ኬንት፣ የመኪና መሸጫው ልጅ። የዚህች መኪና ሊዝ ዓርብ ያበቃል። ባለቤቴ ሳይሞት ለሦስት ዓመት የተከራየናት ናት፤ መልሶ መገላገል ነበር። ኬንት ግን አዲሷ መኪና በር ላይ ቆማ እየጠበቀችዎት ነው ይለኛል። ዛሬ ካልፈረሙ ሌላ ሰው ይወስዳታል ይለኛል። ትናንት ደግሞ ጎማዎ ተበልቷል፣ ሲመልሷት ጣጣ ያመጣብዎታል፣ አዲሷን ለሦስት ዓመት ከወሰዱ ግን እንተወዋለን አለኝ።»

«እርስዎስ አዲስ መኪና ይፈልጋሉ?»

አርሊስ ጓንቷን አወለቀች፤ መልሳ አጠለቀች።

«ለማንም እንዳትነግሪ። በጥቅምት በትምህርት ቤቱ ማቋረጫ ላይ አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሕፃን ትሻገር ነበር። አላየኋትም፣ ማሬን። ፍሬን የያዝኩት እናቷ ስትጮኽ ነው። የዓይን ሐኪሙ የዕይታዎ መሐል እየደበዘዘ ነው፣ መነጽርም አያድነውም አለኝ። ውሉ ሲያልቅ ሁለተኛ መሪ አልነካም ብዬ ለራሴ ማልኩ። ከዚያ ወዲህ መኪና ይዤ ከፖስታ ቤት አላልፍም።»

ማሬን ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ ቁልፉን ነቀለች።

«ከዛሬ ጀምሮ የምነዳው እኔ ነኝ። ኬንትን ግን ለምን አይሆንም አላሉትም?»

«ሁለት ጊዜ አልኩት እኮ።»

«ችግሩ እሱ ነዋ።»

ችግሩስ እውነትም እሱ ነበር። የኤልም ሌክ ሰው በሰው ቤት ኬክ ሲቀርብለት መጀመሪያ «አይ፣ ይበቃኛል» ይላል። ሲደግሙለት «ኧረ አትቸገሩ» ይላል። ሦስተኛ ሲለመን «እንግዲያው ትንሽ ብቻ» ብሎ ሳህኑን ይቀበላል። በመጀመሪያው የተቀበለ ስግብግብ ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ እንቢ ያለ ደግሞ ባለቤቲቱን ያዋረደ ነው። ለኬክ ጊዜ መልካም ልማድ ነው። ውል ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ግን የተከፈተ በር ነው።

«ኬንትም የዚህ አገር ልጅ ነው» አለች ማሬን። «ሁለቱን እንቢታ ቆጥሯል። ሦስተኛው ላይ እሺ እንደሚሉ ያውቃል።»

«እናቱ ቦርግሂልድ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ሁለት ትሪ ሙሉ ሆትዲሽ፣ ያን ከሥጋና ከድንች የሚጋገረውን፣ አምጥታልኛለች። የልጇን ፊት እያየሁ አይሆንም ብዬ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የት ልቀመጥ?»

«በለመዱት ወንበር ላይ ነዋ። ቦርግሂልድ ያን ያመጣችው መኪና ልታስፈርምዎት ነበር?»

«ወግጂ። እሷ እንደዚያ አታስብም።»

«እንግዲያው ሆትዲሽን በሆትዲሽ ይመልሱላት። በመኪና አይመለስም።»

አርሊስ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተመልሶ ጠቆረ።

«እናንተ የተማራችሁ ልጆች አይሆንም ማለት እንደ ማስነጠስ ይቀላችኋል። ሰው ይቀየማል።»

«አክስቴ፣ ኬንትን በቀን ሃያ ሰው አይሆንም ይለዋል። ማታ እራቱን በልቶ ይተኛል። እንቅልፍ ያጡት እርስዎ ነዎት።»

ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ስንል እኛ ለራሳችን ያልነውን እንረሳለን። አርሊስ የምትፈራው የኬንትን ቅያሜ ነበር፤ ልትፈራው የሚገባት ግን ያችን ቀይ ኮፍያ ነበር።

«ምን ልበለው ታዲያ? ዓይኔን ልንገረው?»

«ምንም ምክንያት አይስጡት። ዓይኔ ካሉት፣ እንቅፋት ስታይ ራሷ የምትቆም መኪና አለችኝ ይልዎታል። ምክንያት እጀታ ነው፤ ይዞ ይጎትትዎታል። አንድ ነገር ብቻ ይበሉት፤ መኪናዬን ልመልስ ነው የመጣሁት። ሲጠይቅዎት እሱኑ፣ ሲለምንዎት እሱኑ።»

«እንደ ገደል ማሚቶ?»

«አዎ። ገደልን ማን ይገፋል?»

«ጎማውስ?»

ማሬን ከመኪናው ኪስ ውሉን አወጣች። ጎማ እስከ ምን ድረስ ቢበላ እንደማያስጠይቅ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አላነበበውም። በማግስቱ መኪናውን ወደ ጋራዥ ወሰዱት። መካኒኩ ጎማውን ለክቶ ከተፈቀደው በላይ እንዳልተበላ ጻፈላቸውና ፈረመበት። ማሬን መኪናውን በአራቱም ጎን ፎቶ አነሣች፤ ተጨማሪውን ቁልፍ ከመሳቢያ ፈልገው አወጡ። አርሊስ ሌሊቱን ዓረፍተ ነገሯን እያጠናች አደረች።

ዓርብ ዕለት ኬንት ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበላቸው። ካፖርቷን አወለቀላት፤ ብስኩት አቀረበላት።

«አዲሷ ውጭ ቆማለች፣ ወይዘሮ አርሊስ። ወንበሯ ይሞቃል።»

«መኪናዬን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

«ይገባኛል። ግን እስቲ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«መኪናዬን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

ኬንት ወደ ማሬን አየ። ማሬን ጣሪያውን ታያለች። እንደገና ወደ አርሊስ ዞሮ ድምፁን አለሰለሰ።

«የጎማውን ነገር እንዳናነሣው ብዬ እኮ ነው። ስለ እናቴ ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጡባት። ሦስተኛ ጊዜ መለመኔ ነው።»

«እንግዲያው ትንሽ ብቻ» የሚለው ቃል አርሊስ ጥርስ ላይ ደርሶ ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን ልመና መልሳ አታውቅም። ከዚያ ያቺ ኮፍያ በዓይነ ልቦናዋ መጣች፤ ከምታየው ሁሉ ጎልታ። የመካኒኩን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ሁለቱን ቁልፎች በላዩ አስቀመጠች።

«መኪናዬን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ ኬንት። መመለሴን ጽፈህ፣ ቀኑንና የሄደችበትን ርቀት ሞልተህ ፈርምልኝ።»

ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና ጻፈ። ሲጨርስ ካፖርቷን አለበሳት።

«እሑድ እንገናኛለን፣ ወይዘሮ አርሊስ።»

«እሑድ እንገናኛለን።»

በቃ፣ ይኸው ነበር። ሰማይ አልተደፋም። ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ የነሣት ነገር ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ስልኩ ሲጮኽ የልጅ ልጆቿ መሆናቸውን አውቃ በደስታ ታነሣዋለች። ሐሙስ ሐሙስ የአረጋውያኑ አውቶቡስ ገበያ ይወስዳታል፤ እዚያም ወሬ ይገኛል። የልብስ ስፌት ማኅበሯ ሴቶችም የሚያበቃ ሊዝ ያለባቸው እንደሆነ ወደ እሷ ይመጣሉ። ውልሽን አስቀድመሽ አንብቢ፣ በሌላ ሰው አስመርምሪ፣ ምክንያት አትደርድሪ፣ የተፈረመ ወረቀት ሳትይዢ አትውጪ ትላቸዋለች። ለኬክ የሚገባውን ጨዋነት ለኬክ እንዲያስቀምጡትም ትነግራቸዋለች።

ያን ዕለት ግን፣ ከመሸጫው ደጃፍ፣ ማሬን የራሷን መኪና ከፍታ «ቤት ላድርስዎት?» አለቻት። እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ «አትቸገሪ» መባል ነበረበት።

«አዎ፣ አድርሺኝ» አለች አርሊስ።

ማሬን ደንግጣ አየቻትና ሳቀች።

«በትምህርት ቤቱ በኩል እንሂድ» አለች አርሊስ ደግሞ። ማቋረጫው ላይ ማሬን ቆመች። ልጆቹ ቦርሳቸውን እያወዛወዙ ሲሻገሩ አርሊስ ከጎን ወንበር ላይ ሆና ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። አሥራ አራት ነበሩ። የመጨረሻው ልጅ ከአስፋልቱ ወደ እግረኛው መንገድ እስኪወጣ ድረስ ማሬን አልተንቀሳቀሰችም፤ አርሊስም ጓንቷን አወለቀችና እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።