አይዞሽ የማይባልበት ክፍል

ሲስተር እታፈራሁ፣ የጤና ጣቢያችን ሠራተኞች፣ ከመንደሩ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። የበሩ ጥበቃ ሽፈራው ነኝ። የሲስተርን መሸኛ ንግግር በወረቀት ጽፌ የመጣሁት አዋቂ ለመምሰል አይደለም፤ ካልጻፍኩት መሀል ላይ እንደምቀር ስለማውቅ ነው።

ሲስተር መጀመሪያ የመጡ ቀን ምን እንዳልኳቸው ከእኔ ስሙት፤ የላብራቶሪው ጀብሪል ሲያወራው ጨው ይጨምርበታል። ከወልድያ ከመጣ አይሱዙ ወርደው፣ በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። እኔም በትሕትና፣ «እናቴ፣ ገበያው ወደ ታች ነው፤ እዚህ በርጩማ የሚገዛ የለም» አልኳቸው።

«ልሸጠው አይደለም፣ ልቀመጥበት ነው።»

«ታካሚ ነዎት?»

«አዋላጅ ነኝ። እንዲህ በር ላይ ሲያቆሙኝ ከዋሉ ግን ታካሚ መሆኔ አይቀርም።»

ጀብሪል በላብራቶሪው መስኮት ብቅ ብሎ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በርጩማው ለምን እንደመጣ ኋላ ገባን። ሲስተር፣ አንቱ እናቶቹን ወንበር ላይ አስቀምጠው ራስዎ ከታች ይቀመጣሉ። የዞን ኃላፊ ለጉብኝት መጥቶ «ሲስተር፣ ወንበር የለም እንዴ?» ቢልዎ፣ «አለ፤ አንተ ተቀመጥበት፣ ቆመህ ታስፈራታለህ» ብለው አስቀመጡት። ተቀመጠ።

የበሩን መቀርቀሪያ ነገርስ የረሳ አለ? «አያ ሽፈራው፣ ይቺን ብረት በጨርቅ ይጠቅልሉልኝ። ስትጮህ ሴቶቹ ይደነግጣሉ።»

«ሲስተር፣ የጥበቃ በር መጮህ አለበት እኮ።»

«ጠባቂው አንቱ ነዎት ወይስ መቀርቀሪያው?»

ነፍሷን ይማርና ከባለቤቴ ከታደለች አሮጌ ጋቢ ቀድጄ ጠቀለልኩት። እስከ ዛሬ እንደተጠቀለለ አለ።

ከሁሉም የባሰው የአይዞሽ ሕግ ነው። ከተማው ወደ ሰላሙ ሲመለስ፣ ሲስተር ወልድያ ሄደው ስለ ሥነ ልቦና ድጋፍ ሠልጥነው መጡ። የተዘረፈውን የክትባት ክፍል ጠርገው፣ በጦርነቱ ክፉ ምጥ ያዩ እናቶችን በየሐሙሱ እዚያ ማነጋገር ጀመሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ «አይዞሽ» ያለ ሰው ከታችኛው ቧንቧ አንድ ጀሪካን ውሃ ይቀዳል።

ጀብሪል፣ «ወላሂ ሲስተር፣ ወሎ ተወልጄ አይዞሽ ሳልል እንዴት እውላለሁ?» ሲል ለመነ።

«ቃሉ ጥሩ ነው። ግን ሴትዮዋ ገና አፏን ሳትከፍት ከተባለ፣ ዝም በይ ማለት ነው። ጀሪካኑን ያዝ።»

ጣቢያችን ያን ሰሞን ውሃ አልቸገረውም።

አሁን ትንሽ ሳቁን ልግታው። ውጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁላችሁም ወደ በሩ ታያላችሁ። እኔም አያለሁ። ሽኝቱን ለፍልሰታ ዋዜማ ያጣደፍነው፣ ያውም በቀን ያደረግነው፣ ለጾሙ ብለን ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። ከቆቦ በኩል ጦርነቱ ሊያገረሽ ነው እየተባለ የሚወራውን ሁላችንም ሰምተናል። እንዲህ ባለ ሰዓት ሲስተርን ወደ ተዛወሩበት ወደ ግራና መሸኘት ይከብደኛል። የከበደኝ በልጄ ምክንያት ነው። ሰላማዊት እዚያ ጥግ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ የምናገረውን ሁሉ «ተናገረው አባዬ» ብላኛለች።

ባለፈው ኅዳር፣ ከተማው በታጣቂ እጅ ሳለ፣ ምጥ ያዛት። ባሏ ሾፌር ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ ከደሴ ማዶ ቀርቶ ነበር። እናቷ የለችም። ያለሁት እኔ ነኝ። መብራት የለም፣ መድኃኒቱም ተወስዷል። ሲስተር ከማዋለጃው ብቅ ብለው፣ «አያ ሽፈራው፣ የእጅ ባትሪዎን ይዘው ይግቡ» አሉ።

«ሲስተር፣ ወንድ ነኝ። ደግሞ አባቷ ነኝ።»

«መብራት ነው የፈለግኩት። ይግቡ።»

ገባሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ባትሪውን በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላ ያዝኩላቸው። «ፊትዎን እንደፈቀዱ፤ መብራቱን ግን ወደዚህ» አሉኝ። ልጁ ተወለደ። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ፤ ደሙም አልቆም አለ። ማደንዘዣ አልነበረም። ሲስተር በእጃቸው አወጡት። ውጭ ይተኮሳል፤ የልጄ ጩኸት ግን ከተኩሱ በላይ ነበር። ከዚያ በላይ አልጽፍም።

ሁለቱም ተረፉ። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲመጣ ግን ሰላማዊት ፊቷን ታዞራለች። ልጁን ታጠባዋለች፣ አታየውም። ሳህን ከወደቀ ላብ ያጠምቃታል። እኔ ጸሎት አንሶን ነው ብዬ ጠበል ወሰድኳት። ሲስተር ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ጠበሉንም አይተዉ፣ ሐሙስም ያምጡልኝ» አሉ።

ልጄ የጣቢያውን በር አልፋ መግባት አልቻለችም። ሲስተር በርጩማቸውን ይዘው ወደ እኔ ጥበቃ ቤት ወጡ። እዚያ ጀመሩ። ቆይተው ወደ ግቢው፣ ቆይተው ወደ በረንዳው፣ ኋላ ወደ ክፍሉ። ያን ቀን ከመጀመሪያው አንስታ በቅደም ተከተል ታወራላቸዋለች፤ ትንፋሿ ሲያጥር፣ «እግርሽን መሬት አስረግጪ። አሁን የምታዪውን ንገሪኝ» ይሏታል። «በር... ጨርቅ... የአባዬ ዱላ...» ትላለች። ሲረጋጋላት ይቀጥላሉ፣ ካልሆነ ለሚመጣው ሐሙስ ያድራል። ሁልጊዜ ግን ወሬው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

አንድ ሐሙስ ጠሩኝ። «ሰላማዊት፣ ለእኔ የነገርሽኝን ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

ልጄ መሬት መሬት እያየች፣ «አባዬ ፊቱን ያዞረው ስሞት ላለማየት ነው» አለች። «እሱ ካዞረ አበቃልኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያለሁም አይመስለኝ።»

እውነቱን ተናገርኩ። «ልጄ፣ ነውር ነው ብዬ እኮ ነው። አባት የልጁን ምጥ አያይም። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ እመቤቴን ስለምንልሽ ነበር።»

ቀና አለች። «ነውር ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እየሞትኩ፣ አንተ ነውር?»

ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረባት። እኔም ሕጉን ረስቼ «አይዞሽ ልጄ» አልኩ። ሲስተር ዘወር እንኳን ሳይሉ፣ «ጀሪካኑ ከበሩ ጀርባ ነው» አሉኝ። ቧንቧው ሥር ቆሜ ሳለቅስ ያየኝ ጀብሪል ብቻ ነው። አይዞህ ሊለኝ አፉን ከፈተና ተወው። ጀሪካኑ እስኪሞላ አጠገቤ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ዝምታዬን ስንቱ ሰው እንዴት አድርጎ ተርጉሞት ይሆን? ታደለች በታመመችበት ጊዜስ አልጋዋ አጠገብ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ ምን መሰላት?

ሰላማዊት ፈጽማ ድናለች አልልም፤ ሲስተርም እንዲህ በል አላሉኝም። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከሩቅ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ፊቷ ሲነጣ አየሁ። እግሯን መሬት አስረገጠች። «ግድግዳ» አለች፣ «ማሰሮ» አለች፣ ቀጥላ «ሚኪያስ» አለች፤ ልጇን አይታ። በዚያች ጠዋት፣ ከተፈናቀለችበት ገና የተመለሰች ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላት «አሜን» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ለዚህ ነው የማመሰግንዎ፣ ሲስተር። ሌላውን እመቤቴ ትክፈልዎ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ፣ «ሲስተር ግራና ገብተው መንገዱ ቢዘጋስ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ይዤ መጥቼ አንቱን ጠየቅኩዎ። «እኔም እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት» አሉኝ። ፈራሁ ሲሉ ሰምቼዎ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያች የማዋለጃ ክፍል የነበርነው ሦስት ነን። ሁለታችን ተናግረናል። አንቱ ያን ቀን ሲጨርሱ ወጥተው ጥበቃ ቤቴ ደጃፍ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እጅዎን ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ፤ እንደገና ውሃ አምጡልኝ አሉ። እኛም ተሰብስበን «አይዞዎት ሲስተር፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል» አልንዎ። ዝም አሉ። ስለዚያ ቀን ይኸው እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ነው።

እንግዲህ ጠላ የያዝክ ጠላህን፣ ጀብሪልም ብርዝህን አንሡልኝ። ለሲስተር እታፈራሁ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ጀብሪልም በበኩሉ ዱዓ ያድርግልን። ግራና በደህና ያግባዎት፤ ለአገሩም ሰላሙን ያውርድልን።

በስጦታ ያዘጋጀንልዎ ባለ መደገፊያ ወንበር ነው። በርጩማውን ለእኔ ያቆዩልኝ። ሐሙስ ሐሙስ ግራና ድረስ እንመጣለን፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ በባጃጅ፣ ከተዘጋ በእግር። ሰላማዊት የቀራትን ትጨርሳለች። ከዚያ አንቱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ከታች በርጩማው ላይ ሆኜ፣ ፊቴን ሳላዞር፣ «ሲስተር፣ ያን ቀን እንዴት ነበር?» እልዎታለሁ። አይዞዎት ካልኩ ጀሪካኑን ያሳዩኝ።