የስቲም ክፍሉን በር የያዝኩት እኔ ነኝ

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት የቦይለር ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ባለቤቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ወጤን ራሴ እሠራለሁ፣ ቦይለሩን ያለ ረዳት እለኩሳለሁ። ፊደል ብዙም አልገፋሁም፤ ቁጥር ግን አይጠፋኝም። መርማሪዋ ወንበር ስታቀርብልኝ ቆሜ እናገራለሁ ብያለሁ።

በቦክስ ክለቡ «ሚስማር» የሚሉት የሴት ልጄ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ሃያ ሁለት፣ ምድቡ ስልሳ ኪሎ። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደምሠራበት መታጠቢያ ቤት መጣ። በማግስቱ ጠዋት ለውድድር ይመዘናል፤ ከስልሳ ትንሽ ቢያልፍ ይሰረዛል። ከእሑድ ጀምሮ እህል፣ ከሰኞ ጀምሮ ውሃ አልቀመሰም። ማስቲካ እያኘከ ምራቁን በጠርሙስ ይተፋ ነበር፤ ምራቅም ክብደት ነው አለኝ። «አጠራቅመህ ለማን ልታወርሰው ነው?» ብዬ ቀለድኩበት። ሲስቅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ።

የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ላይ ወጣ። ስልሳ አንድ አለ። አንዷን ኪሎ በላብ አወጣታለሁ ብሎ ገላውን በላስቲክ ጠቀለለ፣ በላዩ ሁለት ቱታ ደረበ። ቦክሰኞች ወደ ስቲም ሲገቡ በር የሚይዝላቸው ሰው ያቆማሉ፤ ሙቀቱ ሲበረታ ክፈቱልኝ ብለው እንደሚለምኑ ስለሚያውቁ ነው። የእሱን በር ሁልጊዜ የሚይዘው አሰልጣኙ ነበር። በዚያን ቀን ግን አሰልጣኙ፣ ሰውነትህ አልቋል፣ ይህ ውድድር ይለፍህ ብሎት ተጣልተው ነበር። ስለዚህ እኔን ለመነኝ። «አባባ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። ብለምንህም እንዳትከፍት። አንተ ቃልህን አታጥፍም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላጥፍም።

በሩ ወደ ውጭ ስለሚከፈት ወንበር አስጠግቼ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ ላይ አንኳኳ። «አባባ፣ በቃኝ» አለ። ግማሹ አልቋል፣ አይዞህ ጎበዝ አልኩት። ትንሽ ቆይቶ በእጁ መዳፍ መታ። ለሦስተኛ ጊዜ የጠራው እኔን አልነበረም፤ እናቱን ነው። እሱንም ከልመናው ቆጠርኩት። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል ኮራሁበት፤ ቻለው ብዬ።

ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ከፈትኩ። በሩ ሥር ወድቆ ነበር። ላቡ ቆሟል፣ ገላው ያቃጥላል። ላስቲኩን ቀድጄ ውሃ አፈሰስኩበት፤ አምቡላንስ ወሰደው። ሐኪሙ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል አለን። በማሽን ነው ያለው፣ እስካሁን አልነቃም።

ሴት ልጄ፣ በሩን ዘግቶ ልጄን ለዚህ ያበቃብኝ አሰልጣኙ ነው ብላ አመለከተች፤ ትናንት ታሰረ። ይህን ስትናገር አጠገቧ ቆሜ ነበር። አባዬ፣ አንተም እዚያ ነበርክ፣ ንገራቸው እንጂ አለችኝ። ቦይለሩን ልለኩስ ብዬ ወጣሁ።

ዛሬ ማለዳ፣ ለቦይለሩ ግንብ ከመጣው ሲሚንቶ ያልተከፈተ ሃምሳ ኪሎ ከረጢት ሚዛኑ ላይ አወጣሁ። ሃምሳ አንድ አለ። አውርጄ ደገምኩት፤ ያው ነው። ባለፈው ሰኞ ቀስቱ አልረጋ ቢለኝ የውስጡን ቡሎን በራሴ መፍቻ አጥብቄው ነበር። ባዶውን ዜሮ ላይ ስለቆመ ተስተካከለ ብዬ ተውኩት፤ ባለሙያ መጥራት ሞት መስሎ ታየኝ። ልጁ ኪሎውን ጨርሶ ነበር የመጣው። አንድም የሚያወጣው ነገር አልነበረውም።

ይህን ማንም ሳያስገድደኝ ተናግሬአለሁ፤ ተነብቦልኝም ከአፌ የወጣው መሆኑን ሰምቻለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ዕዳዬ ይጻፍልኝ ብያለሁ። አሰልጣኙ በእኔ ፋንታ ላደረበት ሌሊት፣ ከዚህ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ለልጄ ፖሊስ እንዳይነግራት፤ አሁን በእግሬ ሄጄ እነግራታለሁ፣ የምትለኝንም እሰማለሁ። ኩላሊት ካስፈለገ የእኔን ይውሰዱ። ሐኪሙ ዕድሜህ አይፈቅድም ብሎኛል፤ ዕድሜዬን አልጠየቅሁትም፣ ነገም እመለስበታለሁ። ልጁ ነቅቶ ለምን አልከፈትክልኝም ያለ እንደሆነ፣ ማንም እንዳይመልስልኝ። የምመልሰው እኔ ነኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ በራሱ እጅ የተጻፈ
የቃል ተቀባይ መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል