ወይኑ አልፈላ ያለ ዓመት

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የጥንቱ እንዳይመስላችሁ፣ ልጆቼ፣ ቅርብ ነው፣ እዚሁ ራጉኤል ጀርባ የሆነ ነው። እኔና ባለቤቴ ታደሰ ጓዳችን ውስጥ ወይን ጠጅ እንጠምቃለን፤ ፍሬው ከዝዋይ በኩል በሳጥን ይመጣልናል። ታዲያ ያን ዓመት ያለወቅቱ ዝናብ ጣለና ፍሬው ፈነዳ፣ ሻገተ፣ ግማሹን ለቅመን ጣልነው። የተረፈውን ጨምቀን በርሜል ውስጥ ከተትነው፣ እና ብርዱ ጠና፣ ብርዱ ጠናና ወይኑ አልፈላም አለ። ጆሮ ብትደቅኑበት ጭጭ! ታደሰ ደግሞ ለልጃችን ሠርግ ያሰበው ነውና ምግብ አልበላ አለው።

«ክፍሉን ማሞቅ ነው» አለኝ አንድ ቀን ከሰዓት።

«በምን?»

«በከሰል።»

«ታዴ፣ ተው! የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል!»

«አንቺ ደግሞ! እዚያው ቁጭ ብዬ እጠብቀው የለ?»

ታዲያ መሳለሚያ ደርሼ ስመለስ የጓዳው በር ከውስጥ ተቆልፏል። ብርድ እንዳይገባ ብሎ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወትፎታል። «ታዴ!» አልኩ፤ ዝም። «ታደሰ!» አልኩ፤ ዝም። እመኑኝ፣ በሩን እየደበደብኩ ጮህኩ፣ ድምፄ ራሱ የእኔ አልመስል አለኝ።

ጎረቤታችን ሰይድ፣ የወሎው ልብስ ሰፊ፣ ጩኸቴን ሰምቶ የስፌት መኪናውን ትቶ ሮጠ።

«እትዬ አስካለ፣ ምን ሆኑ?»

«ታደሰ! ከሰል!» ከዚያ በላይ አልወጣኝም።

በትከሻው አንዴ ገጨው፣ ደግሞ ገጨው፣ እና በሩ ተገንጥሎ እሱም አብሮ ገባ፣ በርሜሉም ተገለበጠ። መጠጥ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ወይን በወይን ሆኖ ታደሰን በብብቱ ይዞ እየጎተተ አወጣው። የታደሰ ዓይን ተገልብጧል። ሰይድ «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» ይላል፤ እኔ «ራጉኤል ድረስልኝ!» እላለሁ፤ ፊቱ ላይ ውሃ ረጨን፣ ደረቱን አሸን፣ ምንም የለም። አለቀ፣ ሞተ፣ ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ ልጆቼ።

ታዲያ አንዴ ሳል አደረገው። ከዚያ አስመለሰው። ላዳ ጠርተን ሐኪም ቤት ስንወስደው ዓይኑን ገለጠና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አስኩ፣ ወይኑ ፈላ?»

«ፈሰሰ!» አልኩት። (ትስቃለች።) ሠርጉም በቢራ አለፈ።

— ታዲያ ጠመቃውን ተዋችሁት፣ እትዬ?

የት ይተዋል! በዓመቱ ዝናቡ ደህና ነው ብሎ ጀመረ። እኔ ግን በሩን መልሰህ አትገጥምም አልኩ፣ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም ገብቶ ትንሽ ከቆየ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሥራዬን ጥዬ እጣራለሁ። «አለሁ! ምን ልሁን ብለሽ ነው?» ይለኛል ተቆጥቶ። ይቆጣ።