በመዳፍ የተለካ አየር

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሹፌር የእናቴ ታናሽ ወንድም ሆኖ አገኘሁት። ለመነሳት አሥር ደቂቃ ይቀረው ስለነበር ከኋላው ተቀመጥኩ። ዓይኑ ቀልቷል።

እኔ የምሠራው በሆስፒታል የእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ነው። ከሁለት ወር በፊት አጎቴ እዚያ አድሮ ሲመረመር፣ በተኛ ቁጥር ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ እንደሚቋረጥ ታወቀ። አየር እየነፋ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያም ተሰጠው።

«ጋሼ፣ መሣሪያው እንዴት ሆነልህ?»

«ተይው ልጄ። ሆዴን እንደ ከበሮ ይነፋዋል። ገና ሳልሞቅ አውልቄ ወዲያ ነው የምጥለው።»

«የአየሩ ግፊት ዘጠኝ ላይ ሆኖ እኮ እንዲህ ሊያደርግህ አይገባም።»

«ዘጠኝ ድሮ ቀረ። አሁን አሥራ ስምንት ነው።»

«ማን ለወጠው?»

«ጎሚስታው ነዋ፣ ጎማ የሚነፋልን። እጁ ወርቅ ነው። ቧንቧውን በመዳፉ ነካ አድርጎ፣ ‹ይሄ የሕፃን ነው፤ አንተን የሚያህል ሰው በዚህ አይነሳም› አለኝ። ቁልፎቹን ጫን ጫን ሲያደርግ የሚጨምርበትን አገኘው።»

ስናደድ ድምፄ ይበልጥ ያንሳል። ያንን ዘጠኝ ለማግኘት ባልደረባዬ ትንፋሹ መቋረጡን እስኪተው ድረስ ግማሽ ግማሽ እየጨመረች ስትጠብቀው ነበር ያደረችው።

«ጋሼ፣ ጎሚስታው ጎማህን ያለ መለኪያ ቢነፋልህ ትነዳለህ?»

«አብጃለሁ? መለኪያውን በዓይኔ ሳላይማ አልነቃነቅም።»

«ታዲያ ጉሮሮህ ከጎማ አነሰ?»

«እናንተ የተማራችሁ ነገር ታከብዳላችሁ። አየር አየር ነው። ደግሞስ ምን ሆንኩ? ይኸው ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንድ ዶሮ እንኳ...»

አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። አንድ ጊዜ አንኮራፋና ጸጥ አለ። ደረቱ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። ሰዓቴን አየሁ። ልጅ ያዘለች ሴት እየተሳፈረች ነበር። በሃያ ሦስተኛው ሴኮንድ እየተናነቀው ባነነ።

«...አልገጨሁም» አለ።

«ተኝተህ ነበር። ሃያ ሦስት ሴኮንድ አልተነፈስክም።»

«እኔ?» ሴትዮዋን በመስታወቱ አያት። «እውነቷን ነው?»

«ልቀሰቅስዎ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ አባቴ።»

እኔም ያመቅኩት ወጣ። «የሚያበግነኝ ጎሚስታው ይህን ያደረገው በበጎ ልብ መሆኑ ነው። ልኩ ሲያልፍ አየሩ ከጭምብሉ ያመልጣል፣ ሆድህን ይነፋል፣ አንተም ታወልቀዋለህ። ከዚያ ታንቀህ ታድርና ጠዋት ይሄን ሁሉ ሰው ትጭናለህ። ቁጥሩ ካልተመቸህ እኛ ዘንድ ና፤ መሣሪያው የመዘገበውን አይተን እናስተካክለዋለን። በመዳፍ ግን አይለካም።»

አጎቴ ቁልፉን ነቅሎ ወደ ስምሪት ክፍል ሄደና፣ «ዛሬ ሌላ ሹፌር መድቡ» አለ። ተሳፋሪው አጉረመረመ። ሴትዮዋ ግን ልጇን አስተካክላ አዝላ ሌላውን ሹፌር ትጠብቅ ጀመር።

ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ ተመለሰ። በሰዓት ሠላሳ ስምንት ጊዜ ይቋረጥ የነበረው ትንፋሽ ከወር በኋላ በሰዓት ሦስት ጊዜ ብቻ ሆነ። የጠዋት ራስ ምታቱ ለቀቀው፤ ሳሎን ትተኛ የነበረችው ሚስቱም ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ሐኪሙ ሲፈቅድለት እሱም ወደ መሪው ተመለሰ።

ጎሚስታው ቅር ብሎት፣ «እጄን ናቅከው?» ቢለው፣

«ጎማዬን ላንተ፣ ጉሮሮዬን ለለካው» አለው።

ጎሚስታው መዳፉን በጨርቅ ጠረገ። «እኔንም ሚስቴ ታንኮራፋለህ ትለኛለች» አለ። «የእህትህ ልጅ የምትሠራው የት ነበር ያልከኝ?»