የሼህ ጀይሉ ፍየል ማስነጠስና ያስከተለው ክርክር

ለከሚሴና ለአካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ! የሼህ ጀይሉ ቀይ ፍየል ዛሬ ጠዋት አንድ ጊዜ ማስነጠሷን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

ሼህ ጀይሉ ነገሩን ቀላል አድርገው አላዩትም። ከባቲ ገበያ ካመጧቸው የቆላ ፍየሎች ግማሹን ክረምቱ ፈጅቶባቸዋል። የተረፉትን፣ እንደየዓመቱ ልማዳቸው መስከረም ሲጠባ፣ እነሱም ሳይሞቱብኝ ብለው ለጎረቤታቸው ለሸምሱ በርካሽ ሊሰጡ እየነዱ ነው። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ከባጃጅ የምትወርድ ወጣት አገኙ፤ የእህታቸው የሳቢራ ልጅ ዘሃራ ናት፣ በስታቲስቲክስ የተመረቀችው።

«አሰላሙ ዓለይኩም አጎቴ! ወዴት ነው?»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ለሸምሱ ልሸጣቸው። የቆላ ፍየል እኛ ዳገት ላይ ዕድሜ የለውም። ይኸው ቀይዋ አስነጠሰች።»

«እኔም አቧራ ሲገባብኝ አስነጥሳለሁ። ሊሸጡኝ ነው?»

«አንቺን ከነምላስሽ ማን ይገዛሻል!»

ዘሃራ ሻንጣዋን መንገዱ መሐል ቁጭ አድርጋ ፍየሎቹ ፊት ቆመች። «አምና ሲሸጧቸው ታናናሾቼ ወተት ሳይቀምሱ ከረሙ። ዘንድሮ አላሳልፍም፤ መጀመሪያ ደንብዎን እንፈትነው። የሞቱት መቼ ሞቱ?»

«በመጀመሪያው ክረምት ነዋ፣ ብርዱ ሲያገኛቸው!»

«ያንን ክረምት ያለፉትስ?»

«ሸጥኳቸው። ያው እንደ ሞቱ ቁጠሪያቸው።»

«ሸምሱ ግቢ ቆመው እያመነዠኩ እንዴት እንደ ሞቱ ልቁጠራቸው?»

ሼህ ጀይሉ አምና የሸጧት ነጭ ፍየል ሸምሱ ግቢ መንታ ወልዳ አይተዋል። በበጋው ድርቅ የአገሬው ፍየል ሲረግፍ እሷ እሾኽ እየቀነጠሰች መፋፋቷንም አይተዋል። አይቶ እንዳላየ ማለፍ ግን በየቢሮው ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ነውና በእሳቸው ብቻ አንፈርድም።

«ደንብዎ ‹ቆላነት ዕድሜ ልክ እኩል ይገድላል› ይላል» አለች ዘሃራ። «ጊዜውን ከፋፍለን ብንመዝነው ለመጀመሪያው ክረምት ልክ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውሸት ነው። አይፈሩ፣ ኮምፒውተር የያዙ መምህራኖቼም እንዲሁ ናቸው። ለዘመኑ ሁሉ አንድ ቁጥር ይሰጡና፣ ለየወቅቱ መግጠም አለመግጠሙን ሳይፈትኑ ያጨበጭባሉ።»

«እና አደጋ የለም ነው የምትይኝ?»

«አለ፤ ግን ጊዜ አለው። አዲስ የመጡትን የመጀመሪያውን ክረምት ከጣራ በታች ያሳድሩ፣ ደረቅ መኖ ይስጧቸው። ያንን ያለፈችው ድርቁን ትሻገራለች፤ ለእኛ ወተት፣ ለእርስዎ ግልገል ትሰጣለች። እርስዎ ግን መከራውን ችለው ያሳልፉና በረከቱን ለሸምሱ ያስረክባሉ።»

«ሱብሃነላህ! ለካ የሸምሱ እረኛ ነበርኩ!»

ይሄኔ ሸምሱ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ እየሳቀ ደረሰ። «ሼህ ጀይሉ፣ ቀይዋ አስነጠሰች አሉ? ሆዴ አይችልም፣ ልገላግልዎት።»

ፍየሏ ደገመችው።

«ይማርሽ» አሏት ሼህ ጀይሉ፤ መንጋውንም ወደ ዳገቱ አዞሩ። «አልሸጥም።»

«ምነው? ምን ተገኘ? ይቺ ልጅ ምን ነገረችዎት?»

«አላብራራም።»